ሙዚቃን በሰውነት ማዳመጥ፦ መስማት የተሳነውና የሚሰማው ሰው አብረው የሚሠሩት ዝርዝር መመሪያ

ትልቅ ስፒከር አጠገብ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ቤዙ ሲመታ ደረታችሁ ውስጥ የሆነ ነገር ይንቀጠቀጣል። ሱሪያችሁ ሳይቀር እግራችሁ ላይ ይርገበገባል። ያም ሙዚቃ ነው። በቆዳ፣ በአጥንትና በጡንቻ በኩል የገባ ሙዚቃ። የሚሰማ ሰው ጆሮው ስለሚቀድምበት ብዙም ልብ አይለውም። መስማት ለተሳነው ሰው ግን ዋናው በር ሊሆን ይችላል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለሁለት ሰዎች ነው። አንዱ መስማት የተሳነው፣ ሌላው የሚሰማ። ወንድምና እህት፣ ባልና ሚስት፣ መምህርና ተማሪ፣ ወይም ጓደኛሞች ልትሆኑ ትችላላችሁ። ከሁለት በላይ ብትሆኑም ችግር የለም። የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ጥሩ ስፒከር፣ አንድ ሁለት ፊኛ፣ ከተገኘ የእንጨት ወለል ወይም የእንጨት ጠረጴዛ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ እና ጥድፊያ የሌለበት አንድ ሰዓት።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ብዙ ሰው ሙዚቃን በሰውነት መስማት ሲባል ድምፁን እስከ መጨረሻው መክፈት ይመስለዋል። አይደለም። ዋናው ነገር ንክኪ ነው። ሰውነታችሁ ከሚነዝረው ነገር ጋር በትክክለኛው ቦታና በትክክለኛው ልክ ከተገናኘ መካከለኛ ድምፅ ይበቃል። ካልተገናኘ ግን ቤቱ ቢናወጥም የሚደርሳችሁ ጥቂት ነው።

መጀመሪያ፦ ቆዳ ምን ያህል ይሰማል?

ይህን ሳታውቁ ብትጀምሩ የማይገኘውን ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

ጤነኛ ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ይይዛል። ሄርዝ ማለት አንድ ነገር በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚነግረን መለኪያ ነው። ቆዳ የሚይዘው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ወደ 1,000 ሄርዝ ገደማ ሲደርስ አቅሙ ያልቃል። እስከዚያ ያለው ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት። የመጨረሻው ወፍራም 27.5 ሄርዝ ነው፤ የመጨረሻው ቀጭን 4,186 ሄርዝ። ከወፍራሙ ጀምራችሁ ብትቆጥሩ እስከ 63ኛው ቁልፍ ድረስ ያሉት ሁሉ መሠረታዊ ንዝረታቸው ከ1,000 ሄርዝ በታች ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ አካባቢ ነው። የዘፋኞች ድምፅም በአብዛኛው እዚሁ ክልል ውስጥ ይወድቃል። እንግዲህ ቆዳ የሙዚቃን ትልቁን ክፍል ይደርስበታል ማለት ነው።

ቆዳ በጣም ንቁ የሚሆነው ከ200 እስከ 300 ሄርዝ ባለው መሀል ነው። ይህን የሚሠሩት ከቆዳ ሥር ጠለቅ ብለው የተቀመጡ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተደራረቡ ጥቃቅን የነርቭ ጫፎች ናቸው። በጣሊያናዊው ሐኪም በፊሊፖ ፓቺኒ ስም ይጠራሉ። በጣት፣ በመዳፍና በውስጥ እግር በብዛት ይገኛሉ። ዝግ ያለውን፣ ከ50 ሄርዝ በታች ያለውን መርገብገብ ደግሞ ለቆዳው ላይኛ ክፍል የሚቀርቡ ሌሎች የነርቭ ጫፎች ይይዙታል።

የቆዳ ደካማ ጎን ቀጭንና ወፍራም ድምፅ መለየት ላይ ነው። ፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁልፎች በንዝረት የሚለያዩት 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጆሮ ይህን ያለ ችግር ይለያል። ቆዳ ግን ብዙ እጥፍ የሰፋ ልዩነት ይፈልጋል። ስለዚህ ምት፣ ጉልበት፣ ርዝመት፣ ሻካራነትና ልስላሴ፣ እንዲሁም ዝምታ በቆዳ በኩል አምረው ይገባሉ። ዜማ ግን አጋዥ ይፈልጋል። እሱን በኋላ እናየዋለን።

ንዝረት ቆዳ ላይ ደርሶ እዚያው አይቀርም። በ1998 ከሄልሲንኪ የወጣ አንድ ጥናት ከልደቱ ጀምሮ መስማት የተሳነው አንድ ሰው መዳፉና ጣቶቹ በንዝረት ሲነኩ በአንጎሉ ውስጥ ለድምፅ የተመደበው ክፍል እንደሚነቃ አሳይቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ጆሮ ሥራ ስላልሰጠው ያ ቦታ ባዶ አልተቀመጠም። ይህን ያወቀ ሰው መስማት ለተሳነው ሰው ንዝረት የሙዚቃ ፍርፋሪ ነው ብሎ አይናገርም።

ደረጃ 1፦ ጠይቁ፣ ተስማሙ

መስማት የተሳናቸው ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ሲወለድ ጀምሮ አይሰማም። ሌላዋ በ30 ዓመቷ ነው መስማት ያቆመችው፤ የድሮ ዘፈኖች አሁንም በጭንቅላቷ ውስጥ አሉ። አንዱ ወፍራም ድምፅ ትንሽ ይሰማዋል፣ ቀጭኑ ግን ጭራሽ የለም። ሌላው ኮክሊያር ኢምፕላንት፣ ማለትም በቀዶ ሕክምና ጆሮ ውስጥ የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ አለው፤ ምቱ ቁልጭ ብሎ ይደርሰዋል፣ ዜማው ግን ብዙ ጊዜ ይደበዛዝበታል። ሙዚቃ ጭራሽ የማይስበውም አለ። እሱም ሙሉ መብቱ ነው። "ሙዚቃ ላሰማህ" ብሎ መጎተት ውለታ አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ። ምን ይደርስሃል? የት ይሰማሻል? ምን ደስ ይልሃል? ምን ያናድድሻል? ብዙ ጊዜ መስማት የተሳነው ሰው በዚህ ነገር ከሚሰማው ቀድሞ ሄዷል። ዕድሜ ልኩን በወለል ንዝረት ማን እንደመጣ ሲያውቅ የኖረ ሰው ነው። አስጎብኚው እሱ ይሁን።

ቀጥሎ መግባቢያ ላይ ተስማሙ። እጆቻችሁ ፊኛ ወይም ስፒከር ላይ ሲሆኑ በምልክት ቋንቋ ማውራት አይቻልም። ስለዚህ "አቁም"፣ "ድገመው"፣ "ቀንስ" ለሚሉት በአንድ እጅ ወይም በጭንቅላት የሚሆን ምልክት ይኑራችሁ። መብራት አታጥፉ። ለስሜቱ ብሎ ክፍሉን ማጨለም የሚሰማው ሰው ሐሳብ ነው፤ ለሌላው ግን ንግግሩን መንጠቅ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የተመሰጠ ሰው ካለም ከኋላ መጥታችሁ ድንገት አትንኩት። የት ብትነኩት እንደሚሻል ቀድማችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ወለሉንና ክፍሉን አዘጋጁ

የእንጨት ወለል በተለይ ከሥሩ ባዶ ቦታ ካለው ንዝረትን ተቀብሎ ያሰራጫል። ኮንክሪት ግን ከባድና ግትር ስለሆነ ብዙም አይነዝርም። ምንጣፍ፣ ስፖንጅና ፍራሽ ደግሞ ንዝረቱን ያፍናሉ። ቤታችሁ ሲሚንቶ ከሆነ አትጨነቁ። ሰፊ የእንጨት ጣውላ፣ የእንጨት ሳጥን ወይም ጠረጴዛ ካገኛችሁ ስፒከሩን በቀጥታ እሱ ላይ አስቀምጡ። ከስፒከሩ ሥር የጎማ እግር ካለ ንዝረቱን ከወለሉ የሚለየው እሱ ነው። የሚወልቅ ከሆነ አውልቁት።

ይህ ሥራ ከታች ወይም ከጎን የሚኖረውንም ሰው ይነካል። ንዝረት ግድግዳ አያግደውም። ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ሰዓቱንም አክብሩ።

ስፒከሩን ክፍሉ ጥግ ላይ ብታደርጉት ወፍራሙ ድምፅ ይበረታል። ከዚያ ሙዚቃውን ክፈቱና በክፍሉ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ተዘዋወሩ። የ50 ሄርዝ ድምፅ የአንድ ሞገዱ ርዝመት ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። ከግድግዳ ተመልሶ ከራሱ ጋር ሲገናኝ አንዱ ቦታ ላይ ይደረባል፣ ሌላው ቦታ ላይ ይጠፋፋል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ቤዙ የሚገፋችሁ ቦታም፣ ምንም የማይሰማችሁ ቦታም ታገኛላችሁ። አንድ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው የሚለያያቸው። ጥሩውን ቦታ መስማት የተሳነው ጓደኛችሁ ይምረጥ። የሚሰማውን ሰው ጆሮው ያታልለዋል፤ ድምፁ ስለሚሰማው ብቻ ንዝረቱም ያለ ይመስለዋል።

ደረጃ 3፦ ስፒከሩንና ድምፁን አስተካክሉ

የስልክ ስፒከር ለዚህ አይሆንም። ወፍራሙን ድምፅ ጭራሽ አያወጣውም። ሰፋ ያለ የቤዝ ስፒከር ያለው ወይም ሳብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ያስፈልጋል። ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ) ካላችሁ ከ40 እስከ 250 ሄርዝ ያለውን ከፍ አድርጉ፣ ከ2,000 በላይ ያለውን ደግሞ ቀንሱ። ቀጭኑ ድምፅ ለቆዳ ምንም አይጠቅምም። የሚሰማውን ሰው ጆሮ መጉዳት ብቻ ነው ትርፉ።

ስለ ጉዳት ካነሳን በግልጽ ላስቀምጠው። በአሜሪካ የሥራ ላይ ደህንነትና ጤናን የሚያጠናው ተቋም፣ ናዮሽ፣ ለሠራተኞች ባወጣው መመሪያ 85 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ድምፅ ውስጥ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መቆየት አይመከርም። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት ነው። 94 ላይ 1 ሰዓት። 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ! በስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ጫኑና ሰውነታችሁ ባለበት ቦታ ለኩ። መስማት የተሳነው ጓደኛችሁም መጠንቀቅ አለበት። ትንሽ የቀረ መስማት ካለው ያ ትንሽ ነገር ውድ ነው። "እሱ አይሰማ፣ ምን ይሆናል" ማለት ትልቅ ስህተት ነው።

ድምፁን ከፍ ለማድረግ ከመቸኮላችሁ በፊት ንክኪውን ሞክሩ። ጀርባችሁን ስፒከሩን አስደግፉ። ወይም ስፒከሩ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ክንዶቻችሁን አሳርፉ። ለውጡ ያስገርማችኋል።

ደረጃ 4፦ ሰውነታችሁን አንድ በአንድ ፈትሹ

ይህ የመመሪያው ልብ ነው። አትሩጡበት።

አንድ ሙዚቃ ምረጡና እሱኑ እየደጋገማችሁ፣ በእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆዩ። እጃችሁ ከቀዘቀዘ መጀመሪያ አሙቁት። ቀዝቃዛ ቆዳ ንዝረትን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል።

ከጣት ጫፍ ጀምሩ። ጣቶቻችሁን ስፒከሩ ሳጥን ላይ አሳርፉ፣ አትጫኑ። ከዚያ ሙሉ መዳፋችሁን አድርጉ። ቀጥሎ ጫማችሁንና ካልሲያችሁን አውልቃችሁ ወለሉ ላይ ቁሙ። ክብደታችሁን ከተረከዝ ወደ ጣቶች፣ ከጣቶች ወደ ተረከዝ እያዛወራችሁ ልዩነቱን እዩ። ከዚያ ወለሉ ላይ በጀርባችሁ ተኙ። ትከሻ፣ ዳሌና የጭንቅላት ጀርባ፣ ማለትም አጥንት ከወለሉ ጋር የሚገናኝባቸው ቦታዎች፣ ከሌላው ቦታ በበለጠ ይነዝራሉ። መንጋጋን ጠረጴዛ ላይ በቀስታ ማሳረፍም ይቻላል። አጥንት ድምፅን በደንብ ያስተላልፋል፤ ትንሽ መስማት ያለው ሰው በዚህ መንገድ በጆሮው ያልመጣለትን ሊያገኝ ይችላል።

አሁን ፊኛውን አምጡ። ንፉት፣ ግን እስኪወጠር ድረስ አይሁን። በሁለት መዳፋችሁ መሀል፣ ከስፒከሩ ክንድ ያህል ራቅ ብላችሁ ያዙት። ፊኛ ቀላልና ስስ ስለሆነ ከአየሩ የሚመጣውን ንዝረት ይቀበላል። መዳፋችሁ ውስጥ የሚሆነውን በጥሞና ተከታተሉ። የድራሙ ምት አጭር ግፊት ሆኖ ይመጣል፤ ወዲያው ይጠፋል። የቤዝ ጊታሩ ድምፅ ግን ይቆያል፤ ፊኛው ውስጥ የሚያጉረመርም ነገር ያለ ይመስላል። ዘፋኙ ሲገባ ደግሞ ደቃቅ፣ የሚኮረኩር መንዘር ከላይ ይደረብበታል። አሁን ፊኛውን ጠበቅ አድርጋችሁ ጨብጡት። ደቃቁ ነገር ይጠፋል። ለቀቅ ስታደርጉት ተመልሶ ይመጣል። ብዙው ሰው ንክኪ ሲባል ሙጭጭ አድርጎ መያዝ ይመስለዋል፤ የሚሠራው ግን ቀላሉ ነው።

ሄለን ኬለር ይህን በደንብ ታውቅ ነበር። በ1924 የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ በሬዲዮ ሲተላለፍ ማየትም መስማትም የተሳናት ይህች ሴት እጇን የማዳመጫው ስስ ሽፋን ላይ ቀለል አድርጋ አሳርፋ ተከታትላዋለች። መሣሪያዎቹ እየተቀባበሉ ሲገቡና የመዘምራኑ ድምፅ ሲነሳ እንደለየችው ለኦርኬስትራው በጻፈችው ደብዳቤ ገልጻለች። ቤትሆቨን ራሱ ያን ሥራ በ1824 ቪየና ላይ ሲያቀርብ ጆሮው ጨርሶ ከድቶት ነበር።

ፊኛ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጓደኛችሁ ኮክሊያር ኢምፕላንት ካለው ፊኛውን ከፀጉርና ከጭንቅላት አርቁት። ሲታሸት የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ለመሣሪያው አይመችም። ለጎማ አለርጂ ያለበት ሰው ካለም ፊኛው ይቅር፣ በባዶ ካርቶን ሳጥን ተኩት።

ከዚያ ደረትን፣ ሆድን፣ ጉሮሮንና ጉንጭን ሞክሩ። እዚህ ላይ ከስኮትላንዳዊቷ የከበሮ ባለሙያ ከኤቭሊን ግሌኒ የሚገኝ ትልቅ ትምህርት አለ። በ12 ዓመቷ ጆሮዋ በአብዛኛው መስማት አቁሟል። የትምህርት ቤት መምህሯ ትልልቆቹን ከበሮዎች ሲቃኝ እጆቿን ግድግዳው ላይ እንድታሳርፍ ያደርጋት ነበር። በዚያ መንገድ ወፍራሙን ድምፅ በእግሯ፣ ቀጭኑን በፊቷ፣ በአንገቷና በደረቷ መለየት ለመደች። ዓለምን የዞረች ባለሙያ ሆና መድረክ ላይ ባዶ እግሯን ትጫወታለች። እሷ ያላት የተለየ ቆዳ አይደለም። ዓመታት የፈጀ ልምምድ ነው።

እናንተም የራሳችሁን ካርታ ሥሩ። ወረቀት ላይ የሰው ቅርጽ ሳሉና እያንዳንዱ ድምፅ የት እንደተሰማችሁ አመልክቱ። ሁለታችሁም ለየብቻ ሥሩ፣ ከዚያ አስተያዩ። ካርታዎቹ አይመሳሰሉም። እዚያ ላይ ነው ጥሩው ጨዋታ የሚጀመረው።

ደግሞ እረፍት ውሰዱ። ቆዳ ላይ ንዝረት ሲበዛበት ይደነዝዛል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ "ጠፋብኝ" ካላችሁ ስፒከሩ አልተበላሸም። እጃችሁን አንሱ፣ አፍታቱ፣ ተመለሱ።

ደረጃ 5፦ ሙዚቃ መምረጥ

በአንድ ከበሮ ብቻ ጀምሩ። ቀጥሎ ከበሮና ቤዝ። ከዚያ ዘፋኝ የተጨመረበት። ብዙ መሣሪያ በአንዴ የሚጮህበት ሙዚቃ ለቆዳ ጭጋግ ነው፤ ጠንካራው ወፍራም ድምፅ ሌላውን ይሸፍነዋል። ቆም የሚል፣ ድንገት ዝም ብሎ እንደገና የሚገባ ሙዚቃ ፈልጉ። ዝምታ በቆዳ ሲመጣ በጣም ግልጽ ነው። ሰዎች ትንፋሻቸውን ይዘው ሲጠብቁ ታያላችሁ።

ከተቻለ ደግሞ እውነተኛ መሣሪያ ይሻላል። ጊታር የሚጫወት ሰው ካለ መስማት የተሳነው ጓደኛችሁ መዳፉን የጊታሩ ሆድ ላይ ያሳርፍ። ቼሎ፣ ተቀምጠው የሚጫወቱት ትልቅ የቫዮሊን ዓይነት፣ ከሁሉም ይልቃል፤ ተጫዋቹም ራሱ በጉልበቱና በደረቱ ይዞት ነው የሚጫወተው። ፒያኖ ከሆነ ድምፅ የሚያጎላውን ትልቁን እንጨት ንኩ። ቆሞ የሚቀመጠው ፒያኖ እንጨቱ ከኋላው ነው። አግድም የተዘረጋው ትልቁ ፒያኖ ደግሞ ከሥሩ ገብቶ መተኛት ይቻላል፤ እጃችሁን ወደ ላይ ዘርግታችሁ ንኩት።

ደረጃ 6፦ አሁን ተራው የሚሰማው ሰው ነው

ጆሯችሁን በመድፈኛ ድፈኑ። ተራ መድፈኛ ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ የበለጠ ያፍናል። ስለዚህ ቀድሞ በጆሮ ተሸፍኖ የነበረው የሰውነት ስሜት ብቅ ይላል። ደረጃ 4ን እንደገና ከመጀመሪያው ሥሩ። ጓደኛችሁ ይምራችሁ። እጃችሁን ይዞ የት ማሳረፍ እንዳለባችሁ ያሳያችሁ።

ይህን ስላደረጋችሁ ግን "አሁን አለመስማት ምን እንደሆነ ገባኝ" አትበሉ። ለአሥር ደቂቃ ጆሮ መድፈን አንድ ነገር ነው። በምልክት ቋንቋ ማሰብ፣ ማደግ፣ መኖር ሌላ። እዚህ የምትማሩት የራሳችሁ ሰውነት ምን ሲነግራችሁ እንደነበር ነው።

ከዚያ ተነጋገሩ። ስለ ሙዚቃው ስታወሩ በሰውነት ቋንቋ አውሩ። ከየት ጀመረ? ወዴት ሄደ? ይቧጥጣል ወይስ ይንሸራተታል? ከብዷል ወይስ ቀሏል? የሚሰማው ሰው "ይሄ የሐዘን ዘፈን ነው" ብሎ አይቅደም። አንዴ ከተባለ ሌላው ያንን ፍለጋ ይገባል፤ የራሱ ስሜት ይጠፋበታል። መጀመሪያ መስማት የተሳነው ሰው ይናገር። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብትጠብቁ የምሽቱ ጨዋታ ይለወጣል።

ደረጃ 7፦ ተንቀሳቀሱ

ሙዚቃን በሰውነት መቀበል ዝም ብሎ መቀመጥ አይደለም። እንቅስቃሴ ራሱ የመስማት አካል ነው። በ2005 ካናዳ ውስጥ የሰባት ወር ሕፃናት ላይ የተሠራ ሙከራ አለ። አንድ ዓይነት፣ የትኛውም ምት ጎልቶ ያልወጣበት ሙዚቃ ይከፈታል። ግማሾቹን ሕፃናት በየሁለተኛው ምት፣ ሌሎቹን በየሦስተኛው ምት እያነሱ አወዛወዟቸው። በኋላ ሕፃናቱ ማዳመጥ የመረጡት ሰውነታቸው በተወዛወዘበት መንገድ ምቱ የጎላውን ነው። የሰሙት ያው አንድ ሙዚቃ ነበር። ምቱን የወሰነላቸው ሰውነታቸው ነው።

አዋቂዎችም እንዲሁ ነን። በ2022 በወጣ ሌላ የካናዳ ጥናት፣ በአንድ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ዝግጅት ላይ ከ8 እስከ 37 ሄርዝ ያለ በጣም ወፍራም ድምፅ በየሁለት ደቂቃ ተኩሉ ይከፈትና ይዘጋ ነበር። ታዳሚው ይህ እየሆነ መሆኑን አላወቀም። ሲከፈት ግን እንቅስቃሴው በአማካይ ወደ 12 በመቶ ገደማ ጨመረ። የሚሰሙ ሰዎች ነበሩ፣ ጆሯቸውም ክፍት ነበር። ያወዛወዛቸው ግን ልብ ያላሉት ንዝረት ነው።

አብራችሁ ቁሙ። ፊት ለፊት ሁኑ፣ ወይም ጀርባ ለጀርባ ተደገፉ። ጀርባ ለጀርባ ስትሆኑ የጓደኛችሁ መወዛወዝም ከሙዚቃው ጋር ወደ ሰውነታችሁ ይገባል። የሚሰማው ሰው ሁልጊዜ ምት አስያዥ አይሁን። ትከሻ ላይ እየደበደቡ ሰውን ማስጨፈር ያሰለቻል። ተራ ተለዋወጡ። የቀጥታ ሙዚቃ ካለ የከበሮ መቺውን ክንድ ተመልከቱ። ክንዱ ሲነሳ ምቱ ሊመጣ እንደሆነ ዓይን ከወለሉ ቀድሞ ይነግራችኋል።

ደረጃ 8፦ ዜማን በዓይን መከታተል

ቆዳ የማይለየውን ዓይን ያግዘዋል። ቀላሉ ሙከራ ይኸውና። ጎድጓዳ ሳህን አፉን በስስ የምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ወጥራችሁ ሸፍኑ። ትንሽ ጨው በትኑበትና ስፒከሩ ፊት አስቀምጡት። ከበሮው ሲመታ ጨው በአንዴ ይዘላል። ድምፁ ሲረዝም ፍሬዎቹ ወዲህ ወዲያ ይሉና በመስመር ይሰበሰባሉ። ድምፁ ሲቀጥን መስመሮቹ ይቀያየራሉ። ጀርመናዊው ኧርንስት ክላድኒ በ1787 ባሳተመው ሥራው ይህንኑ በብረት ሳህንና በአሸዋ አሳይቷል። ልጆች ካሉ ከዚህ ደረጃ ጀምሩ።

ድምፅን ወደ ሥዕል የሚለውጡ የስልክ መተግበሪያዎችም አሉ። ዜማው ሲወጣና ሲወርድ መስመሩ አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ለመሣሪያ መቃኛ የሚሆኑትም ይጠቅማሉ። በ18 ዓመቷ ገደማ መስማት ያቆመችው አሜሪካዊት ዘፋኝ ማንዲ ሃርቪ እንደገና መዘመር የተለማመደችው በእንዲህ ያለ መቃኛ እያየች ነው። በ2017 በአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድር ላይ የቀረበችውም ወለሉን ለመስማት ባዶ እግሯን ሆና ነው።

ግጥሙን አትርሱ። ሙዚቃው ከመከፈቱ በፊት ግጥሙ ይነበብ። የምልክት ቋንቋ ዘፈን ከፈለጋችሁ ደግሞ በራሳቸው መስማት በተሳናቸው ባለሙያዎች የተሠራውን ፈልጉ። ፊንላንዳዊው ራፐር ሳይንማርክ በ2009 ከዋርነር ሙዚቃ ኩባንያ ጋር የተፈራረመ፣ በምልክት ቋንቋ የሚራፕ ሰው ነው። እጁ ምቱን ራሱ ይመታል። ከቪዲዮ የተቀዳ የእጅ እንቅስቃሴ ግን ቋንቋ አይደለም። ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ወዲያው ያውቅበታል።

ስለ መሣሪያዎች ጥቂት

የሚነዝሩ ሰደርያዎች፣ ቀበቶዎችና ወንበሮች አሉ። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር እዩ፦ ስንት ቦታ ነው የሚነዝረው? አንድ ሞተር ብቻ ያለው ምቱን ይሰጣችኋል፣ ሌላ የለም። የተሻሉት ወፍራሙንና ቀጭኑን ለያይተው ወደተለያየ የሰውነት ክፍል ይልካሉ። ቶሮንቶ ውስጥ ተመራማሪዎች የሠሩት ኢሞቲ-ቼር የተባለው ወንበር ድምፆቹን ከፋፍሎ ጀርባ ላይ ከታች እስከ ላይ ይደረድራቸዋል። ያ ሐሳብ ትክክል ነው። አይፎን ያለው ሰው ከ2024 ወዲህ ሙዚቃን በስልኩ ንዝረት የሚያጅብ አማራጭ በቅንብሩ ውስጥ ያገኛል፤ ለመሞከር ጥሩ ነው። ፊኛና ወለሉን በደንብ ሳትሞክሩ ግን ብር አታውጡ።

ደረጃ 9፦ ራሳችሁ ተጫወቱ

ከበሮ አምጡ። ከሌለ የእንጨት ሳጥን ይሠራል። መስማት የተሳነው ሰው ምቱን ይፍጠር፣ የሚሰማው ጆሮውን ደፍኖ የሳጥኑ ሌላ ጎን ላይ መዳፉን አሳርፎ ይቀበል። መሀሉ ላይ ጠንካራ፣ ዳሩ ላይ ቀላል ምት ሞክሩ፤ ልዩነቱ መዳፍ ላይ በግልጽ ይለያል። የሚሰማው የተቀበለውን መልሶ ይምታ። ሲሳሳት ሌላው ይድገምለት። ሲገጥምላችሁ አንድ ምት ጨምሩ፣ ከዚያ ሌላ። በስተመጨረሻ መድፈኛውን አውልቁና ያንኑ ምት እንደገና ተጫወቱት። የሚሰማው ሰው በጆሮው የመጣለትና በመዳፉ የመጣለት የት ላይ እንደሚለያዩ ለጓደኛው ይንገረው። ጓደኛው ደግሞ በሚቀጥለው ዙር ምቱን በዚያ ላይ ተመሥርቶ ይቀይረው።